የዶክተር ሎሪመር ቸርነት

ላቭዴይ ትሬጊርና ዶክተር ኒንያን ሎሪመር እንደሚዋደዱ ከሁለቱ በስተቀር የማያውቅ አልነበረም። ፖስተኛው ያውቃል። ወጥ ቤቷ ታውቃለች። እኔማ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ባሌን ባሕር ከወሰደብኝ በኋላ በአጎቴ ልጆች ቤት ተጠግቼ ስኖር፣ የዶክተሩ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ላቭዴይ ቁርስ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው ለእኔ ነበርና። ዛሬስ «ናፈቁኝ» የምትል ቃል ትወጣው ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። ሰውዬው ግን የሚጽፈው ስለ ባሕር አረም ነው። ገጽ በገጽ፣ ግራና ቀኝ፣ ስለ ባሕር አረም።

«የላኩልኝ ቀይ አረም በእርጥብ ጨርቅ እንደተጠቀለለ በደኅና ደርሷል፤ ቅጠሉ እንደ ሐር ነው፤ ከቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲያወጡት ግን እጅዎ ይጎዳልና ጓንት ያድርጉ።»

ይችን የጓንቷን ነገር ሳነሣባት ትቆጣኝ ነበር። «ጓንት ማለት ጓንት ነው፣ ታምሲን» ትለኛለች፤ ከዚያ ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ትከተዋለች። ጓንት ብቻ ከሆነ ደረት ውስጥ ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቃት ሻይዋን ትቀዳለች።

እኛ የምንኖረው በእንግሊዝ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኮርንዎል ጠረፍ ነው። ትሬጊሮች ከጥንት ጀምሮ መሬትም የቆርቆሮ ማዕድንም ያላቸው፣ ስማቸው በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በእብነ በረድ የተቀረጸ ሰዎች ናቸው። አጎቴ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ጌታ የላቭዴይ ታላቅ ወንድም ሰር ጄጎ ነው። ዶክተር ሎሪመር ደግሞ በአገሩ ሌላኛው ዳር፣ በስኮትላንድ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሐኪም ነበር። እናቱ ሸማኔ ናት። አባቱም ሸማኔ ነበር። እሱን የተማረ ሰው ያደረገው የእናቱ ትከሻ ነው፤ ይህንን ደብቆት አያውቅም፣ ረስቶትም አያውቅም። ነገራችን ሁሉ የተበላሸው ደግሞ ባለመርሳቱ ነው።

ሁለቱ የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በባዝ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ዝናብ ይዘንባል፤ ሰውዬው የሚንጫጫ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ጃንጥላውን በእሷ ራስ ላይ ዘርግቶ፣ እሱ ራሱ እስከ አጥንቱ እየራሰ፣ የባሕር አረም ሥር ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ሲያስረዳት ዋለ። እሷ ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን ወደ ጫማው ይሰብራል። እሱ ሲያያት እሷ ወደ ጃንጥላው ታያለች። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ሁለቱንም በጃንጥላዬ ጫፍ ወግቼ ባገናኛቸው ደስ ባለኝ።

ሆኖም ክፉ ቀን ሲመጣ አንዳቸው ለሌላው እንዴት እንደሚቆሙ አይቻለሁ፤ ይህንን ካልተናገርኩ ግፍ ነው። በዘመኑ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ብዙ ነበሩ። በዌልስ ገጠር ያለ ቄስ፣ በጀርዚ ደሴት ያለች ባልቴት፣ ግማሹ ፊት ለፊት ሳይተያይ አረም፣ ድንጋይና ዛጎል በባቡር የሚላላክ፣ አንዱ ሲጠቃ ሌላው ብዕሩን የሚያነሣለት። ሃርግሬቭ የሚባል የሎንዶን ፕሮፌሰር «የሸማኔ ልጅ እኛን ሊያስተምር» ብሎ ሎሪመርን ከሊቃውንቱ ማኅበር ሊያስወጣው በተነሣ ጊዜ፣ ላቭዴይ ለሁሉም ጻፈች። የሁሉም ተቃውሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠረጴዛ ሞላው። ሎሪመርም ከስሙ አንዲት ፊደል ሳትነካበት ቀረ።

እሱም በተራው አጎቴ የሞተ ጊዜ ያደረገላትን እኔ አልረሳም። ላቭዴይ ማይክሮስኮፕዋን ጨርቅ አልብሳ፣ ከአልጋ መነሣት ጠልታ ነበር። እኔ አልቻልኳትም። ሎሪመር የሐዘን ቃል ከጻፈላት በኋላ፣ በየሳምንቱ አንዲት ጥያቄ ብቻ መላክ ጀመረ። «የዚህ ቅጠል ጠርዝ ጥርስ አለው ወይስ የለውም? የእኔ ዓይን ደክሟል፣ እርስዎ ይዩልኝ።» ዓይኑ የጭልፊት ነው፣ ምንም አልደከመም። ጥያቄውን ለመመለስ ግን ተነሥታ፣ መስኮት ከፍታ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበረባት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከአልጋ አወጣት። ይህንን የሚያውቅበት ሰው እንዴት «እወድሻለሁ» ማለት እንደማይችል እስከ ዛሬ ግርም ይለኛል።

የነገሩ መነሻ ሁለት አረሞች ናቸው። አንደኛው እንደ ላባ የተዘረጋ ቀይ አረም ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ እንደ ፈሰሰ ወይን የሚለጠፍ ቀጭን ቅርፊት ነው። ሊቃውንቱ ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው ብለው ሁለት ስም ሰጥተዋቸዋል። ላቭዴይ ግን ቅርፊቱ የላባው ልጅ ነው፣ ከዘሩ የበቀለ ነው አለች። ለማረጋገጥ የድሮውን የወተት ቤት በብልቃጥ ሞላችው፤ በየቀኑ ከባሕር ንጹሕ ውኃ እየተቀዳ ይቀየራል። ቤቱ የወደብ ሽታ ሸተተ።

ሰር ጄጎ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሣዋል። በዚያ ክረምት እንዲህ አላት፦ ሊቃውንቶችሽ እስከ በጋ ድረስ ካከበሩሽ ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ካላከበሩሽ ብልቃጥሽን ትጥያለሽ፣ እንደ ሰው ልጅም ታገቢያለሽ። ላቭዴይም ይህንን አንድም ሳታስቀር ለዶክተሩ ጻፈችለት። ባትጽፍለት ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

በጸደይ ወራት ጽሑፏን ጨረሰች። ሴት ወደ ማኅበሩ አዳራሽ አትገባምና፣ የዌልሱ ቄስ፣ ቄስ ኢድዋል፣ ሎንዶን ሄደው አነበቡላት። ስሟ ታተመ። ሰር ጄጎ ራሱ ወረቀቱን ለእንግዳ ሁሉ አሳየ። ከየአቅጣጫው የደስታ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ከስኮትላንድ ግን የመጣው አንድ መስመር ነበር። «እጅግ ደስ ብሎኛል። ሎሪመር።»

ላቭዴይ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ፖስታውን ከፍታ ውስጡን አየች።

«ቀንቶብኛል» አለች ቀስ ብላ።

እንዲህ ያለ ሰው አይደለም አልኳት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤዋን አሳጠረች፤ እሱም አሳጠረ። ሁለት የተማሩ ሰዎች በሰላምታ ብቻ ሲጻጻፉ ማየት ጥርስ ሕመም ነው። ምሽት ላይ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወደ ሰሜን ስታይ፣ በዚያ በኩል ያለው የእኛው በረት ብቻ ነው ብዬ ልቀልድባት ፈለግሁና፣ ፊቷን ሳየው ቀልዱ አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ ፕሮፌሰር ሃርግሬቭ መታት። በአንድ መጽሔት ላይ፣ ሚስ ትሬጊር ዘሩ በቅሎ ቅርፊት ሲሆን በዓይኗ አይታለች ወይ ብሎ ጠየቀ። አላየችም። ላባውን በብልቃጥ አስቀመጠች፣ ከወራት በኋላ ድንጋዩ ላይ ቅርፊት አገኘች፤ በመካከል የሆነውን ግን ማንም አላየም፣ እሷም በጽሑፏ አላየሁም ብላ በሐቅ ጽፋለች። ሃርግሬቭ ይችን ሐቅ ይዞ፣ የሴት ልጅ ሕልም ለሳሎን እንጂ ለሳይንስ አይሆንም ብሎ ደመደመ። ያንን ጽሑፍ በጎረቤታችን ቤት እራት ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። ገበታው ሳቀ። ሰር ጄጎ እስከ ጆሮው ቀላ።

በማግስቱ ላቭዴይ ከባሕር ዳር ስትመለስ የወተት ቤቱ በር ተከፍቶ አገኘችው። ብልቃጦቹ ግቢው ውስጥ ተደፍተዋል። የስድስት ዓመት ሥራ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እየደረቀ፣ ዶሮዎች ይጭሩታል። አልጮኸችም። ተንበርክካ አንድ ቅጠል አነሣችና በመሐረቧ ጠቀለለችው፤ ደርቆ ነበር። ወንድሟ ከደረጃው ላይ ሆኖ «ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። እሷም አልፋው ገባች። ያን ዕለት እኔ ሰር ጄጎን ጠላሁት፤ ዶክተሩን ደግሞ ይበልጥ ጠላሁት፣ ዝም ብሏልና።

ቄስ ኢድዋል ሊያጽናኗት ከዌልስ ድረስ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሸምግለዋል፤ የዋህ ናቸው፤ የልባቸውን ከምላሳቸው የሚለይ በር የላቸውም። ሻይ ቀረበ፤ ሃርግሬቭን እንደ አቅማቸው ረገሙት፤ ከዚያ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀቡ እንዲህ አሉ፦

«የሚያናድደኝ እኮ ሎሪመር ማየቱ ነው። ዘሩ ሲበቅል፣ አንድ በአንድ፣ ሥሎታል።»

ላቭዴይ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ምን አሉ?»

አዛውንቱ ያን ጊዜ ነው የነቁት። ቢላዋቸው አየር ላይ ቀረ። ከእንግዲህ መሸሻ የላቸውም፤ እያፈሩ ተናገሩ። የሎሪመር ጽሑፍ፣ አይተው አስተያየት እንዲሰጡበት፣ ለእሳቸው የደረሰው ከላቭዴይ ጽሑፍ ቀድሞ ነው። ያንኑ ነገር፣ ያንኑ አረም፣ ግን መካከሉን ጭምር። የላቭዴይ ጽሑፍም በመንገድ ላይ እንደሆነ ሲነግሩት፣ የእኔን መልሱልኝ፣ ለማንም እንዳይነግሩ አላቸው። መለሱለት። ቃል አስገብቷቸውም ነበር፤ ያንን ቃል ነው አሁን ከቅቤው ጋር የበሉት።

ላቭዴይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ አየሽ፣ አልቀናም፣ ይወድሻል ልላት አፌን ስከፍት ዓይኗን አየሁት። እንደዚያ ተቆጥታ አላውቃትም፤ ብልቃጦቿ ሲደፉ እንኳ።

«ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ታምሲን» አለችኝ። «ስኮትላንድ እንሄዳለን።»

ሰር ጄጎ በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደዚያ ሰው ቤት ከሄድሽ ወደዚህ ቤት አትመለሺም አላት። እሷም ባርኔጣዋን እያሰረች፣ ሰምቻለሁ፣ አለችው። ሠረገላው ሲንቀሳቀስ ወደኋላ አላየችም፤ እጇ ግን እጄን ፈልጎ አገኘው፣ በረዶ ሆኖ ነበር።

ያንን ጉዞ ለጠላቴም አልመኝ። ከአንዱ ባቡር ወርደን ሌላው ላይ እንሳፈራለን፤ ጥላሸት በጥርሳችን ይንቋቋል፤ እሷ ደግሞ በየጣቢያው የምትናገረውን ንግግር በእኔ ላይ ትለማመዳለች። አንዴ ቁጣ ነው፣ አንዴ ለቅሶ ነው፣ አንዴ «እሱ ማን ሆኖ ነው የሚምረኝ» ነው። ዮርክ ከተማ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ይህን ሁሉ መንገድ የምንሄደው ለአረም ነው ወይስ ለሰውዬው ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስኮቱ ግን ጨልሞ ነበርና፣ ስታለቅስ በመስታወቱ ውስጥ አየኋት።

ከተማዋ ግራጫ ድንጋይ፣ ግራጫ ባሕርና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ነች። የዶክተሩን በር የከፈተችልን እናቱ ነበረች፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ጣቶቿ ከሽመና ብዛት የተጣመሙ አሮጊት። ላቭዴይ ስሟን ሳትናገር እማማ ሎሪመር ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«መጣሽ በመጨረሻ» አለች። «ግቢ፣ ልጄ። እህል ከቀመሰ ሰንብቷል። ያንን መጽሔት ካነበበ ጀምሮ እንደ ታመመ ውሻ ጥግ ይዞ ይውላል። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይቀድዳል፣ እሳት ውስጥ ይጨምራል። ለማገዶ ገንዘብ አላወጣሁም በዚህ ወር።»

ዶክተር ሎሪመር በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ነበር። በመድኃኒት ጠርሙሶቹ መካከል የባሕር ውኃ የሞሉ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ፤ ወንበሩ ወደኋላ ወደቀ፤ አላነሣውም። ከስቷል። ዓይኑን እንደዚያ እንደ ባዝ ከተማው ቀን አልሰበረም፤ አፍጥጦ ቀረ፣ የራበው ሰው ምግብ እንደሚያይ።

«ሚስ ትሬጊር» አለ። «እርስዎ እንዴት…»

«ዘሩ ሲበቅል በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ሥለውታል?»

«ሥዬው ነበር።»

«የት አለ?»

ወደ ምድጃው አየ። ላቭዴይም አየች። ስድስት ዓመት «እርስዎ» ሲባባሉ የኖሩት ሁለቱ ሰዎች ከዚያች ደቂቃ በኋላ እንደዚያ ተባብለው አያውቁም።

«አንተ» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ አንተን የለመንኩህ አንድ ነገር ነው። ስሳሳት ንገረኝ ብቻ ነው ያልኩህ። ሁሉም ሴት ናት ብሎ ሲያባብለኝ፣ ‹ይህ ስህተት ነው፣ ደግመው ይዩት› የምትለኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ያንን ደብዳቤ እንዴት እንደምወደው ታውቃለህ? ሌላ ሴት አበባ ሲላክላት እንደምትደሰተው ነበር የምደሰተው። አሁን አንተም እንደነሱ ሆንክ። ከበሩ ላይ ገለል ብለህ ይለፉ አልከኝ። ማን ጠየቀህ?»

«ወንድምሽ ክፍሉን ሊዘጋብሽ ነበር» አለ። «እኔ ሌላ ዓመት ሌላ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነው። አንቺ ግን…»

«እኔ ግን ምን? አላገኝም?»

ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ወንበር አነሣ።

«ንገረኛ። ደፍረህ ንገረኝ። ማስረጃው በእጅህ እያለ፣ እኔ ያለ ማስረጃ በሃርግሬቭ ፊት ስቆም ዝም አልክ። በሰው ገበታ ላይ ተሳቀብኝ። ብልቃጦቼን ዶሮ ጫረባቸው። አንዲት ሥዕል ታድነኝ ነበር፣ እሷንም አቃጠልካት፤ ለእኔ ብለህ። ወንድሜም ለአንቺ ብዬ ነው አለኝ። ለእኔ ብሎ ያላጠፋኝ ሰው ጠፋ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ገደለችው። ብልቃጦቹ መደፋታቸውን አላወቀም ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ ተናገር አንተ ሰው፣ አሁን እንኳ ካልተናገርክ እኔ ራሴ እጮኻለሁ፣ እያልኩ በልቤ እለምነው ነበር።

«ውሸት ነው ያልኩሽ» አለ በመጨረሻ። «ለአንቺ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው። ካሳተምኩት ቀደምኩሽ ማለት ነው አልኩ። ከእንግዲህ አትጽፍልኝም አልኩ። ሌሊት በሰው ቤት ሕፃን ሲሞትብኝ፣ ጠዋት ደብዳቤሽን አንብቤ ነው ወደሚቀጥለው በሽተኛ የምሄደው። ያ ከሚቀር፣ ግኝቱም ይቅር፣ ስሜም ይቅር አልኩ። ከዚያ ሃርግሬቭ ጻፈ። ማስረጃውን ልልክልሽ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር፣ ምን እንዳደረግሁ ልነግርሽ ሆነ፤ ያን ጊዜም አጣሻለሁ። በየትኛውም በኩል አጣሻለሁ።»

«ለምን ይህንን አልጻፍክልኝም?»

«ምን ብዬ?» የመጀመሪያዋን ቁጣ ያን ጊዜ አየሁበት። «እናትሽ የጌቶችን የገበታ ልብስ የምትሸምን ሴት ብትሆን ኖሮ እንደዚህ አትጠይቂኝም ነበር። ምን ብዬ ልጻፍ፣ ላቭዴይ?»

ስሟን ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«የዚህን ከተማ ዓሣ አጥማጆች ሳልና እከክ ሁሉ ጽፈህልኛል» አለችው። «የሎሌህ በቅሎ ስትነከስ ቁስሏን ሥለህ ልከህልኛል። እኔ ያንን ሁሉ አንብቤ፣ ከስሩ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል ብዬ ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠግቼ ያየሁ ሞኝ ነኝ። ቃሉ ሁለት ፊደል ቢሆን እንኳ ይበቃኝ ነበር። ይህንን መጻፍ ነው ያቃተህ?»

ሁለቱም ይተነፍሳሉ፤ ዳገት የወጡ ይመስላሉ። እማማ ሎሪመር የአጃ ገንፎ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ አየቻቸውና፣ ወረቀቱን እንጂ ብርጭቆዎቹን አላቃጠለም፣ ሣጥኑ ከአልጋው ሥር ነው፣ አለች እንደ ዋዛ።

ላቭዴይ ወደ እሱ ዞረች። እሱም፣ ወረቀት ማቃጠል ቻልኩ፣ እነሱን ግን መስበር አልቻልኩም፣ አለ። በስስ ብርጭቆ መካከል የተያዙት፣ በየደረጃቸው የበቀሉት ዘሮች፣ እነሱ ራሳቸው ነበሩ። ሣጥኑን አመጣ። አንዱን አውጥቶ ማይክሮስኮፑ ሥር ሲያስቀምጥ ብርጭቆው ስቶ ወደ ጎን ሄደበትና፣ እሷ እጇን በእጁ ላይ አድርጋ አቀናችው። ጓንት አልነበራትም።

አጎንብሳ አየች። ረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። እኔ የጀርባዋን መስመር ብቻ ነው የማየው፤ መጀመሪያ ጠንክሮ ነበር፣ ቀስ በቀስ ላላ። በዓይነ ሕሊናዋ ብቻ ስታየው የኖረችው ነገር፣ ያቺ ቀይ ነጥብ፣ ስትከፈል፣ ስትዘረጋ፣ ድንጋዩን ስትይዝ፣ እዚያ ነበር። ቀና ስትል የማይክሮስኮፑ መስታወት በእንባዋ ረጥቧል።

«ልክ ነበርኩ» አለች።

«ልክ ነበርሽ» አላት። «እኔ ካየሁት በፊት ልክ ነበርሽ።»

ያን ዕለትና በማግስቱ ሌላ ሥራ አልተሠራም። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ እሷ ትሥላለች፣ እሱ ይህ መስመር ቀጥኗል ይላታል፤ እሷም ትቆጣለች፣ ደስታዋ ግን ከቁጣዋ ሥር ይታያል። በሽተኞች በር ላይ ሲጠብቁ እማማ ሎሪመር ሳል ያለበትን ወደ ውስጥ፣ የሌለበትን ወደ ቤቱ ትልካለች። በስም ቅደም ተከተል ላይ ደግሞ ተጣሉ። የአንቺ ይቅደም አለ። ላቭዴይ ብዕሯን አስቀምጣ አየችው፤ አፉን ዘጋ። በፊደል ተራ ሆነ፤ ሎሪመር፣ ከዚያ ትሬጊር።

ጽሑፉ በመከር ወራት ታተመ፤ በዚያም ላይ ላቭዴይ ዘሩን አስቀድሞ ያየው ሎሪመር መሆኑን በገዛ እጇ አሰፈረች። ፕሮፌሰር ሃርግሬቭ ምንም አላለም። እሱን ለሚያውቅ ሰው ዝምታው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰር ጄጎ በሚቀጥለው ዓመት የወተት ቤቱን አጽድቶ ቁልፉን ላከላት፤ ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም፣ እሷም አልጠበቀችም።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በፊት፣ ጽሑፉ ባለቀበት ጠዋት የሆነውን ነው። ፖስታውን አሽገን፣ ቁርስ ላይ ተቀምጠናል። ሥራው አልቋል፤ ከእንግዲህ በዚያ ቤት የሚያስቀምጠን ሰበብ የለም። ሎሪመር የባቡሩን ሰዓት እንደሚያስብ ከፊቱ ይታወቃል። ላቭዴይ ዳቦዋን ትቆራርሳለች፣ አትበላም። እኔ ደግሞ ንዴቴ እስከ ጉሮሮዬ ደርሷል። ይህን ሁሉ ተናግረው፣ ይህን ሁሉ አልቅሰው፣ አሁንም የሚቀረውን አንድ ነገር የሚናገር ጠፋ። እሱ ቢላውን ይወለውላል። እሷ ወደ ባሕሩ ታያለች።

ድንገት ሳትዞር፣ «ኒንያን» አለችው። «ከዛሬ በኋላ ደብዳቤ አልጽፍልህም።»

ቢላው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት የባሌ መርከብ አለመመለሱ በተነገረን ቀን፣ በራሴ መስታወት ውስጥ ነው። «ይገባኛል» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። «ያደረግሁት ነገር… ይገባኛል።»

ላቭዴይ ዞራ አየችው። እኔ አየሁት። ምንም አልገባውም። የባሕር አረም ዘር በየትኛው ሰዓት እንደሚበቅል የሚያውቅ ሰው፣ ይህ አልገባውም።

እማማ ሎሪመር ማንኪያዋን ገበታው ላይ አስቀመጠች።

«የኔ ጅል» አለችው። «አብሮት ለሚኖር ሰው ማን ደብዳቤ ይጽፋል?»

እናቱን አየ። ላቭዴይን አየ። እሷ እስከ አንገቷ ቀልታ ነበር፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም፣ እሱም አልሰበረም። ከዚያ ያ ረጅም ሰው፣ ስንት ሰው ሲወለድና ሲሞት ሳይንቀጠቀጥ የቆመው ሐኪም፣ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ላቭዴይ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች፤ ራሱን ወደ ወገቧ አስጠጋችው።

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ስናደድባቸው ኖሬ፣ አሁን የምናደድበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። ደረቴ ውስጥ ባዶ የሆነ፣ ሞቃት የሆነ ቦታ ተከፈተ፤ ገንፎዬን ለማየት ብዬ አጎነበስኩና ገንፎው አልታየኝም።